የሆዱ ቀለም

በብሩክስ ከተማ፣ በአልበርታ ሜዳ፣
(ስሟን ለሰማ ሰው ብሩክ የምትመስል፣ ነፋሷ ግን ዕዳ)
የካቲት አጋማሽ፣ ጋራዥ ውስጥ ገብተናል፣ እኔና ሶልያና፤
መኪናው ውጪ አድሯል በረዶ ተከናንቦ፣ ቦታው ተቀማና።

ጠረጴዛው ሙሉ ፎም፤ ነጭ፣ ትንፋሽ የሚያንሳፍፈው።
"ሚግ ሃያ ሦስት" ብላ የመረጠች እሷ ናት።
ለምን? ስላት፣
"ክንፉ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ቆንጆ ነው" አለችኝ፣ ምላጩን አንስታ።
አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቆንጆ ነው አለችኝ። ዝም አልኩኝ ለአፍታ።

ምላጩ ሲሄድ ፎሙ ይጮኻል፣ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ፤
ከጠፍጣፋ ሰሌዳ ቀስ በቀስ ይወጣል የአፍንጫው ቅርፅ።
ስንጥቁን በስቱኮ፣ ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት፤
በጣቷ ጫፍ ዳስሳ ሻካራ ካገኘች
"ድገመው" ትለኛለች፣ እንደ ጋራዥ አለቃ፣ ያለ አንዳች ምሕረት።

ቀለሙ የኔ ነው፣ አልኩ።
አሥራ አራት ዓመት የሰው መኪና ቀብቻለሁ፣
የተጋጨ በር ማንም እንዳይለየው አድርጌ ሸኝቻለሁ።
ከሥራ ያመጣሁትን ጣሳ ነቅንቄ ነፋሁት ክንፉ ላይ፤
ፎሙ ፈላ። ቀለጠ። ብል እንደ በላው ጋቢ ተቦረቦረ፣
እሷ ቆማ ስታይ።
ሙያዬ ለሱ መርዝ ኖሯል።

ምንም አላለችም። ሌላ ሰሌዳ ስባ መስመር አሰመረች፤
"በውሃ የሚበጠበጠው ነው የሚሆነው፣ በብሩሽ" አለች፣
አዲስ ክንፍ ቆረጠች።

ጀርባውን እሷ ያዘች። አሸዋማ፣ ቅጠልማ፣ ቡኒ ነጠብጣብ፣
ከሥዕል እያየች፣ ምላሷን ነክሳ፣ ስትጠበብ።
ከዚያ ገለበጠችው።
ሥዕሉ የሚያሳየው ከላይ ብቻ ነው።
"አባ፣ ሆዱስ?"

ነጭ ጨመርኩ። ጥቂት ሰማያዊ። ጥቁር፣ በብሩሹ ጫፍ፣ አንዲት ጠብታ።
ወተት ላይ አመድ እንደ ወደቀበት ዓይነት።
"እንዴት አወቅህ?"

ጀርባውን አይቼው አላውቅም ነበር፣ ልጄ፣ እስከዚህች ማታ።
ሆዱን ነው የማውቀው።
ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ገበያው ገና አልሞላም፤
ቦይ ውስጥ በጀርባዬ ወድቄ፣ የእህቴ ክርን ጎኔን እየወጋኝ፣
ዓይኔን መጨፈን ረስቼ
መስመሩን፣ ክዳኑን፣ ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለውን ቆጥሬዋለሁ።

ይህን ግን አላልኳትም።
"ከሥር ነው ያየሁት" አልኳት፤ የቀረውን በሆዴ ያዝኩት።
የጎማውን ክዳን በእርሳስ ሳልኩላት፣ ንድፉን ሳላይ።

ሚያዝያ፣ እሑድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ታጭዶ የከረመ የስንዴ ማሳ።
የነዳጅ መምጠጫው በሩቁ ይነቀንቃል፣ ያልጠየቁትን አዎን እንደሚል ሰው።
ከትከሻዬ በላይ ወረወርኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ እንደ ፀጉር ማድረቂያ፤
ወጣ!
ሶልያና ሪሞቱን ጨብጣ ትስቃለች፤
አዞረችው፤ በላያችን አለፈ፤
ሆዱ ታየ፤
ጉልበቴ እኔን ሳያማክር ታጠፈ።

ሰባት መቶ ግራም ነው። ሆዱን ራሴ ነኝ የቀባሁት።
ጭቃው ላይ ተንበርክኬ በዓይኔ ተከተልኩት፣
ነፋሱ ትከሻውን መትቶ በአፍንጫው እስኪተክለው ድረስ።

አንስታው መጣች። "ምን ሆነህ ነው የተንበረከክኸው?"
"ብሎን ወድቆብኝ።"
"ብሎን የለውም እኮ፣ አባ። ሁሉም ሙጫ ነው።"

አየችኝ፣ ረዘም አድርጋ።
ከዚያ እሷም ተንበረከከች፣ የተሰበረውን አፍንጫ ቀብታ አጋጥማ፣
"ያዘው" አለች፣ "ስልሳ እስክቆጥር።"
ያዝኩት።
አርባ ላይ ስትደርስ ተምታታባት፣ ከሠላሳ ጀመረች፤
አላረምኳትም።